የጉዲቱ ሴት ልጅ

ጉዲቱ ሞጆ ውስጥ በአንድ የግል ትራንዚት ድርጅት አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የሠራችው ሥራ አንድ ነው፤ የገባውን ኮንቴይነር ቁጥር ከሰነዱ ጋር ማመሳከር። ሲሰሙት ቀላል ነው። ፀሐይ ላይ ወጥቶ፣ ኮንቴይነሩ ድረስ ሄዶ፣ ቁጥሩን አንብቦ መመለስ። ግን የሞጆን ፀሐይ የቀመሰ ያውቀዋል። አንዳንዱ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ቁጥሩን ከሰነዱ ላይ ይገለብጥና በዓይኔ በብረቱ አየሁ ብሎ ይፈርማል። ጉዲቱ እንዲህ ያለውን ጮሌ የምትይዝበት ዘዴ ነበራት። ሰነዱ ላይ የትየባ ስህተት ሲኖር የሰነፉ ዝርዝር ላይም ያው ስህተት ቁጭ ብሎ ይገኛል። ኮንቴይነሩን ያየ ሰው የሰነዱን ስህተት አይደግምም። በዚህች ዘዴ ስንቱን ጎረምሳ እንዳሳፈረች እሷ ናት የምታውቀው።

ለሰው ኮንቴይነር እንዲህ የምትጠነቀቅ ሴት፣ ከእግዚአብሔር ጋር ያላት ጉዳይ ግን ሃያ አራት ዓመት ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

የሃያ ዓመት ልጅ ሳለች ቡልቡላ ላይ ወንድ ልጅ ወለደች። አባትየው የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ማርገዟን ሲሰማ መንገድ ጠራኝ ብሎ ሄደ፣ እስካሁንም መንገዱ አላለቀለትም። ታላቅ ወንድሟ ጉደታና ሚስቱ ልጅ አልነበራቸውም። ሕፃኑን እንደ ራሳቸው አድርገው ወሰዱት፣ ጋሮምሳ አሉት። ጉዲቱም ምንጊዜም ላትናገር ለወንድሟ ምላ ወደ አዳማ መጣች። ጋሮምሳ አድጎ ሰው ሆነ። በየበዓሉ ሊጠይቃት ሲመጣ «አዳዳ» ይላታል፤ በኦሮምኛ የአባት እህት እንዲያ ነው የምትጠራው። እሷም አቤት ትላለች።

አዳማ ላይ ጌታን ተቀበለች። ኃጢአትሽ ተሰርዟል አሏት፣ አሜን አለች። ልቧ ግን አሜን አላለም። ጠዋት ጠዋት ወደ ሞጆ የሚሄደውን ሚኒባስ ከመያዟ በፊት አልጋዋ ጥግ ተንበርክካ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነበር፤ ልጄን ለሰው ሰጥቼ መምጣቴን ይቅር ብለኸኛል ወይ? እግዚአብሔርም ዝም።

ቸርቿ ውስጥ ሁለት ሁለት ሆኖ መጸለይ ልማድ ነው። ሸክምህን ለጸሎት ጓደኛህ ትነግራለህ፣ እሱ ይጸልይልሃል፣ ነገሩም ከሁለታችሁ አያልፍም። የጉዲቱ ጓደኛ ገላና የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። አሥር ዓመት አብረው ጾመዋል፣ አብረው አልቅሰዋል። ባለፈው ዓመት በሦስተኛው የጾም ቀን ጉዲቱ አልቻለችም፤ አፏን ከፈተች። ቡልቡላ ወለድኩ፣ ለዘመድ ሰጠሁ አለቻት። ገላና ግን ጋሮምሳን ታውቀዋለች። ጉዲቱ ወንድ ልጅ ብላ ከተናገረች ነገሩ ያን ጊዜውኑ አበቃለት። ስለዚህ የወለድኳት ሴት ናት አለቻት። ለዚያች ትንሽ ውሸት ደግሞ በማግስቱ ጠዋት ንስሐ ገባች።

ዘንድሮ አንድ እሑድ ነቢይ የሚባል እንግዳ አገልጋይ መጣ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ ቆርቆሮው በሙቀት ይንጣጣል። ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ ቆየና ጉዲቱን በስሟ ጠራት። ወደ ፊት ወጣች።

«ቡልቡላ ይታየኛል» አለ። «በወጣትነትሽ ሰጥተሽ የመጣሽው ሕፃን ይታየኛል። እግዚአብሔር፣ ልጄ ሆይ፣ ይቅር ብዬሻለሁ ይልሻል።»

ጉዲቱ ሲሚንቶው ላይ ተደፋች። ሃያ አራት ዓመት የጠበቀችው ቃል ነበር። ሰማኝ፣ ለካ ይሰማኝ ነበር እያለች ተንሰቀሰቀች። በሕይወቷ እንዲያ ቀልሏት አያውቅም።

«ሴት ልጅሽም በሕይወት አለች» ሲል ቀጠለ ሰውየው። «በዚህ ዓመት ታገኛታለሽ።»

ጉባኤው እልልታውን አቀለጠው። ጉዲቱ እንደተደፋች ለቅሶዋ ቆመ። ሴት ልጅ የሚለው ስህተት የራሷ ነበር። በምድር ላይ ከአንድ ሰው በቀር ለማንም አልተናገረችውም። ሰውየው ምንም አላየም፤ ገልብጧል።

ከጉባኤው በኋላ ገላናን በር ላይ አገኘቻት። ገላና ብዙም አልካደችም። እንግዳው ቀድሞ ሊጸልይበት የሕዝቡን የጸሎት ርዕስ ከቡድን መሪዎች ጠይቆ ኖሯል፤ እሷም የቡድን መሪ ናትና በቴሌግራም ላከች። ያደረገችው ለጉዲቱ ብላ ነው፣ ደግሞስ ተጽናንታ የለ? እግዚአብሔር በብዙ መንገድ ይናገራል አለች፣ ፊቷ ላይ ቅንጣት ክፋት ሳይታይ። ጉዲቱን ያቃጠላትም ይኸው ነው። ሰውየው አጭበርብሯል እንዳትል፣ ማስረጃዋ የልጁ ወንድ መሆን ነው፤ እሱን ካወጣች ጋሮምሳን አወጣች።

«እኔ የነገርኩት ለአንቺ ነበር» አለቻት፤ ሌላ መናገር አልቻለችም። ባጃጅ ጠርታ ሄደች።

ሰኞ አልተንበረከከችም። ማክሰኞም። ገላና ከዳቻት፣ ሰውየው አታለላት፣ ይሁን። የእግዚአብሔር ግን ከሁሉም ባሰባት። በስሙ ሲነገድባት እያየ ዝም ማለቱ! ለእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች የቀለላት ነገር ሁሉ ተመልሶ ከበፊቱ ከብዶ ተጫናት። ይቅር የተባለችው የሌለች ሴት ልጅ እናት ናት፤ የጋሮምሳ እናት እዚያው ቁጭ ብላለች።

ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ኮንቴይነሮቹ መሃል ሳለች ስልኳ ጮኸ። ጋሮምሳ ነበር።

«አካም ጂርታ፣ አዳዳ» ሲል ሰላም አላት። ድምፁ ተጣድፏል። የእሑዱን ቪዲዮ ጓደኞቹ ልከውለት አይቷል። ይህን ሁሉ ዘመን ብቻዋን መሸከሟ አሳዝኖት ሌሊቱን አልተኛም። አባቱን ጉደታን ቢጠይቀው ተቆጥቶ ከቤት ወጣ። እሱ ግን የዚያን ጊዜዋን አዋላጅ ቤት አጠያይቆ አግኝቷል፤ አሁን ወደዚያው እየሄደ ነው።

«ልጅሽን እኔ እፈልግልሻለሁ» አላት። «እህቴ ማለት አይደለች?»

ጉዲቱ የጋለውን ብረት ተደገፈች። ከሦስት ቀን ኩርፊያ በኋላ ለእግዚአብሔር የመጀመሪያ ቃሏን ያኔ ተናገረች፤ ጸሎት አይባልም። ወንድ መሆኑን ታውቅ ነበር አለችው በልቧ፣ እያወቅህ ዝም አልክ። ይህን እያለች ሌላው ነገር መጣባት። ከጅምሩ የሚያውቅ እሱ ነበር፣ ሸክሟን ከነገረቻቸውም ለማንም ያልነገረ እሱ ብቻ ነው። ይህ መልስ ይሁን አይሁን አላወቀችም፤ አሁንም ተቀይማዋለች። ግን ሃያ አራት ዓመት ይቅርታ የለመነችው እሱን ብቻ እንደነበር፣ ልጁን አንድ ቀን እንኳ ይቅርታ ጠይቃው እንደማታውቅ ታያት። ለወንድሟ የማለችው መሐላም ታያት።

«ጋሮምሳ፣ ቁም፤ አዋላጇ ጋ አትሂድ» አለችው። «ሴት አይደለችም። የወለድኩት ወንድ ነው። ለወንድሜ ነው የሰጠሁት።»

የጋሮምሳ እርምጃ ሲቆም በስልኩ ተሰማት።

«አዳዳ እያለ ነው የሚጠራኝ» አለች። «ይቅር በለኝ።»

ስልኩ አልተዘጋም፤ ትንፋሹ ይሰማታል። ጉዲቱ ጥላ ሳትፈልግ እዚያው ፀሐዩ ላይ ቆማ ጠበቀችው።