እናታችንን የሠሩልን ሽማግሌ

ነቀምቴ ውስጥ እሳቸው ያልቀቡትን ግድግዳ አሳዪ ብባል እቸገራለሁ። በጸጉር ቤቶቹ ግድግዳ ላይ የተሣሉት ቆነጃጅት የእሳቸው ናቸው። ከጸሎት ቤቱ መጠመቂያ ገንዳ በስተጀርባ የሚታየው የዮርዳኖስ ወንዝም የእሳቸው ነው። እስከ ኡኬና አኖ ከተሞች ድረስ እየሄዱ ለሥጋ ቤቶች በሬ ሥለዋል። ሥራ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ከልብስ ሰፊዎች በሚለምኑት ቁርጥራጭ ጨርቅ አሻንጉሊት ይሰፋሉ። እንዲያ ያሉ ግዙፍ ሽማግሌ መርፌ ይዘው ሲያጎነብሱ አይቼ እኔም እንደ ሰዉ ስቄባቸዋለሁ።

እሳቸው ዘንድ የሄድኩት በታናሽ እህቴ ምክንያት ነው። እናታችን ኪራሙ ሳለን ታማ ሞተች። በኋላ ከዚያ ስንሸሽ ቤታችን ከነፎቶዎቹ ተቃጠለ። ታዲያ አንድ ቀን እህቴ "እማዬ ፊቷ ምን ይመስል ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ። እናቷን ረስታ ልታድግ ነው ብዬ ፈራሁ።

"ጋሼ፣ እኔ መልኳን ልንገርዎት፣ እርስዎ ይሣሉልኝ" አልኳቸው።

ግንባሯ ሰፋ ያለ ነው አልኩ፤ አሰፉት። አፍንጫዋ ቀጥ ያለ ነው አልኩ፤ ቀጥ አደረጉት። የወጣችው ግን የጸጉር ቤቷ ቆንጆ ነበረች። ቢደግሙም ያቺው መጣች። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም።

"ጋሼ፣ ይቺ እኮ አሁን ከጸጉር ቤት ካስክ ሥር የወጣች ናት።"

እስኪያስላቸው ሳቁና ብሩሹን አስቀመጡ። "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እጄ የለመደውን ነው የሚሠራው። ምን ላድርገው?"

ከዚያ አብራኝ ለመጣችው ትንሽ እህቴ ማጽናኛ ይሁን ብለው አሻንጉሊት ሰፉ። ቀሚስ አለበሷት፣ ሻሽ አሰሩላት፤ ፊቷን ገና አልሣሉትም ነበር። እህቴ ተቀበለቻቸውና ወዲያው ገለበጠቻት። ሻሹን ገፋ አድርጋ ማጅራቷን አየች።

"የለም" አለች።

"ምኑ?" አሉ ጋሼ።

"ጠባሳው። እማዬ እዚህ ጋ ጠባሳ ነበራት፤ ምስር የምታክል። ስታዝለኝ በሻሿ ሥር እጄን ሰድጄ እነካው ነበር።"

እህቴ እግሯ ደካማ ስለነበር፣ እናታችን እስክትታመም ድረስ ከጀርባዋ አልወረደችም። ለካ እናቷን የምታውቃት ከኋላ ነው። እኔ ስለ ፊት ስጨነቅ እሷን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ጋሼ በርጩማቸውን ወደ እሷ አስጠጉ። "እሺ፣ ንገሪኝ። ሹሩባዋስ?"

እሷ ስትናገር እሳቸው ሲፈቱና ሲሰፉ ዋሉ። የትኛው ትከሻዋ ዝቅ ይል እንደነበር፣ ነጠላዋን በየት በኩል እንደምትቋጥር፣ ሁሉንም ታውቃለች። በመጨረሻ ጠባሳውን በቀጭን ብሩሽ ነካ አደረጉና ሰጧት። ጉንጯን አሻንጉሊቷ ጀርባ ላይ አስደገፈች።

"ፊቷንስ ልሣለው?" አሏት።

"ተዉት" አለች። "እሷ ናት።"

እኚያን ሽማግሌ እስክሞት አመሰግናቸዋለሁ። እናቴ ሰው ፊት ሻሿን አውልቃ አታውቅም፤ እኔ የበኩር ልጇ ስሆን ያን ጠባሳ አንድም ቀን አላየሁትም። ከሞተች ወዲህ ስለ እናቴ የማላውቀውን ነገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ያውም ረስታታለች ብዬ ካለቀስኩላት ልጅ።