ጋሼ መንገሻ የሞከሩት ትንሹ ሪቮልቨር

ካልጋሪ ውስጥ የተኩስ መለማመጃ ቤት የተቀጠርኩት ጎበዝ ተኳሽ ስለሆንኩ አይደለም። የነዳጁ ገበያ ሲደራ እጅና እግር ያለው ሁሉ ወደ ሰሜን፣ ወደ ቁፋሮው ስለነጎደ ነው። አለቃዬ ግሌን በመጀመሪያው ቀን መጥረጊያ ሰጠኝና ቀለሃ አስጠረገኝ። ቀለሃ እልኸኛ ነገር ነው፤ ጫማ ሥር ተሰንቅሮ ቤት ድረስ ይከተላል።

ከመጥረጊያው የሚገላግለኝ የተኩስ ተቆጣጣሪ መሆን ነበር። ፈተናውን ባልፍም ግሌን አልሾመኝም። «አንተ ደንበኛ ትለማመጣለህ እንጂ አታዝም» ይለኛል።

አንድ ቀን ትንሽ ሪቮልቨር ጠረጴዛ ላይ አኖረ። ሃያ ሁለት ካሊበር፣ ስድስት ጎራሽ።

«ለመዝናናት ለሚመጡ ላከራየው አስቤያለሁ። ገምግመው። ሥራውን ከቻልክበት ተቆጣጣሪ ትሆናለህ፤ ካልቻልክ መጥረጊያህ አለልህ።»

ተኮስኩት። ድምፁ በር ከመዝጋት አይበልጥም፣ እጅም አይመታም። ግን ይንቀራፈፋል። ጥይቱን ከጎን ባለች ትንሽ በር አንድ በአንድ ታጎርሰዋለህ፤ ቀለሃውንም አንድ በአንድ በዘንግ እየገፋህ ታወጣለህ። ከኋላ ያለውን መዶሻ በአውራ ጣትህ ካልሳብከው ደግሞ ምላጩን ብትስብ ንቅንቅ አይልም። ለእያንዳንዱ ጥይት እንደገና መሳብ ነው። ከቁፋሮው ለእረፍት የሚመጡት የነዳጅ ልጆች ደግሞ በአንድ ትንፋሽ አንድ ካርታ ጥይት ካልረጩ የተታለሉ ይመስላቸዋል።

«ይህን ማንም አይከራየውም» አልኩት።

«አንተ የቤቱ ሠራተኛ ነህ። ተራ ሰው አምጣና እንየው» አለኝ።

ተራ ሰው ብዬ ያመጣሁት የሳድል ሪጅ ሰፈር ጎረቤቴን ጋሼ መንገሻን ነው። ድሮ ሃምሳ አለቃ፣ አሁን እዚሁ ካልጋሪ፣ ኦግደን ሰፈር፣ የመጋዘን ጥበቃ ናቸው። ተራ መባላቸውን ቢሰሙ ኖሮ አይመጡም ነበር። ሽጉጡን አይተው ሳቁ።

«ይሄ ለሕፃን ነው እንዴ?»

«ለሪላክስ ነው ጋሼ። ሴፍቲ ግላስዎን ያድርጉ። አፈሙዙ ሁልጊዜ ወደ ፊት ይሁን።»

«እኔን ነው የምታስተምረው?»

አፈርኩና ስድስቱን ጥይት አቀበልኳቸው። ግሌን ከኋላችን ቆሞ ያየኛል።

የመጀመሪያው ሳተ፤ መነጽሩን ሰደቡ። ሁለተኛውም ሳተ፤ ነፋሱን ሰደቡ። ያለነው ቤት ውስጥ ነው። ሦስተኛው የዒላማውን መሐል በሳው።

«ዘራፍ! አካኪ ዘራፍ!»

ጋሼ ሽጉጡን ወደ ላይ አንስተው ለፉከራ ዞሩ። ሦስት ጥይት የቀረው ሽጉጥ ከጣሪያው ወርዶ ግሌን ሆድ ላይ አነጣጠረ። ግሌን ወለሉ ላይ ተዘረረ። ተራውን ይጠብቅ የነበረ አንድ ግዙፍ የቁፋሮ ሠራተኛ ወንበር ሥር ለመግባት ታገለ። ጋሼ ግን ሞቅ ብሏቸው ምላጩን ጨምቀው ይዘዋል፤ በዓይኔ አየሁት።

«ወደ ፊት ዙር! አስቀምጥ!» ብዬ ጮኽኩ። አንቱታው የት እንደገባ አላውቅም።

ጋሼ ቀጥ ብለው ዞሩና አስቀመጡት። መዶሻውን አየሁ፤ አልተሳበም። ለፉከራ የቸኮለ ሰው እሱን መሳብ ትዝ አይለውም። ለነዳጅ ልጆች የምናከራየው፣ ምላጭ መሳብ ብቻ የሚበቃው ዓይነት ሽጉጥ ቢሆን ኖሮ ግሌን ሞቶ ነበር።

«በፈረንጅ ፊት ‹ዙር› ትለኛለህ?» አሉኝ ጋሼ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ በጣም ደንግጬ ነው።»

«የምን ይቅርታ? መቶ አለቃዬ እንኳ እንዲህ ጮኾብኝ አያውቅም» አሉና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ።

ግሌን ልብሱን እያራገፈ ተነሣ። ፊቱ ነጭ ወረቀት ሆኗል።

«ግምገማህስ?»

«ቅድም ያልኩትን ትቼዋለሁ። መንቀራፈፉ ነው ያተረፈህ። እሱን አከራይ።»

«አንተም ከሰኞ ጀምሮ ተቆጣጣሪ ነህ» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሽጉጥ ገምግሜያለሁ። ለመዝናኛ የሚሆን ሽጉጥ የሚፈተነው ሰውየው ሲስት አይደለም። ሲመታ ነው።