ለከድር ሞት ተከሳሽ ስንፈልግ

ከድሬ፣ ትናንት ጠዋት በአንተ ሞት ሰው ልንከስ ወጣን። እንዳትስቅ... መጀመሪያ ጨርሼ ልንገርህ።

ሐሳቡ የአዴራ ሁሴን ነው። ለማታውቋቸው፣ አዴራ የአባታችን ታናሽ ወንድም ናቸው፤ አባታችን ከሞተ ጀምሮ እኔንና ከድርን ያሳደጉን እሳቸው ናቸው። ለቅሶ ላይ አንድ ሰው «ውጭ አገር እኮ ይህን ከድር ይውጠው የነበረውን የጨጓራ መድኃኒት ለዓመታት የዋጡ ሰዎች ኩላሊታችን ተጎዳ ብለው አምራቾቹን ፍርድ ቤት አቁመዋል» ሲል ሰሙ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጡ። «የእኛስ ልጅ ሰው አይደለም?» ይላሉ፣ ይነሳሉ፣ ይቀመጣሉ።

ኩላሊትህ ሥራ ሲያቆም የጎባዋ ሐኪም ያለችውን ታስታውሳለህ፤ አጠገብህ ቆማ ነው የተናገረችው። «ያለ ክትትል ይህን ያህል ዓመት መውሰዱ ኩላሊቱን ጎድቶት ሊሆን ይችላል። ሌላ ምክንያትም ሊኖር ይችላል። እርግጠኛ ሆኜ አልናገርም።» እኔ ግን «ሊሆን ይችላል» የሚለውን ብቻ ይዤ ወጣሁ። የሚጠየቅልኝ ሰው ፈለግሁ። ማንም ይሁን... ብቻ አንድ ሰው።

ለማስረጃ ይሆናል ብዬ የዚያን የጨጓራ መድኃኒትህን፣ የኦሜፕራዞልን፣ ባዶ ማሸጊያዎች በፌስታል ሰበሰብኩ። ከሥራ ልብስህ ኪስ ሳወጣቸው የስንዴ ገለባ አብሮ ረገፈ። አስነጠሰኝ። አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ።

ያቺን የመኸር ሰሞን አስታወስኩ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ በምትነዳው የአጨዳ መኪና፣ ኮምባይነሩ ላይ፣ ከጎንህ አስቀምጠኸኝ ነበር። ጆንያ ያዦቹ እየሮጡ ይመጣሉ። «ዶክተር! አንድ ፍሬ ጣል አድርግልኝ፣ ቃሩ ገደለኝ!» ከደረት ኪስህ ታወጣለህ፣ ፈልቀቅ አድርገህ ትሰጣለህ፣ «ከምግብ በፊት ነው፣ አንተ ግመል!» እያልክ ትቆጣለህ። ሰዎቹ እየሳቁ ይሄዳሉ። ትኮራ ነበር። እኔም እኮራብህ ነበር። ማታ ቃሩ ወደ ላይ እንዳይመጣብህ በሁለት ትራስ ተደግፈህ፣ ግማሽ ተቀምጠህ ትተኛና «ንጉሥ እንዲህ ነው የሚተኛው» ትለኛለህ። አምኜህ ነበር እኮ።

ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉ ኦቦ ታደሰ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። ወረቀታቸውን አስተካክለው እስክሪብቶ አነሱ።

«ተከሳሽ ማን ልበል?»

«መድኃኒቱን የሠራው ድርጅት» አሉ አዴራ።

ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት። ኦቦ ታደሰ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው አውርደው አንድ በአንድ አዩ። «አምስት ዓይነት ስም አለው። የትኛውን ልጻፍ? የሐኪም ማዘዣስ?»

«የለም።»

«ታዲያ እንዴት ይገዛ ነበር?»

እኔ መለስኩ። «ባዶውን ማሸጊያ ያሳያል። እንደዚህ ያለ ስጡኝ ይላል። ይሰጡታል።»

ሳቅ አመለጣቸውና ወዲያው አፈሩ። «አትቀየመኝ ልጄ። እኔም የግፊቴን መድኃኒት እንደዚያው ነው የምገዛው።» ቀጠሉ። «እሺ፣ መጀመሪያ ይህን ውሰድ ያለው ማን ነው? ፋርማሲስት ነው?»

አዴራ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«አና...» አሉ በኦሮምኛ። ከዚያ ደግሞ በአማርኛ፣ አንዴ ያልበቃ ይመስል፣ «እኔ ነኝ።»

«እርስዎ?»

«አጨዳ መሃል ደረቱን ይዞ ቁጭ አለ። ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። ማታውን ደህና ሆነ። ጠዋት ጠዋት ሳትበላ ዋጥ፣ ምንም አይልህም አልኩት።»

«ማን ነገረዎት ምንም አይልም ብሎ?»

«ማንም። እኔን ምንም አላለኝማ!»

ከኮታቸው ኪስ ግማሹ ያለቀ ማሸጊያ አውጥተው ያንተ ባዶዎች አጠገብ አስቀመጡት። የዛሬውንም ውጠው ነው የመጡት።

እውነቱን ልንገርህ ከድሬ፣ ለትንሽ ጊዜ ጠላኋቸው። የፈለግሁት ሰው ተገኘልኝ፣ አጠገቤ ተቀምጧል። ጭንቅላታቸውን ቀና ሲያደርጉ ግን ፊታቸው አመድ መስሏል። ለካ እሳቸውም እኮ ከአንተ በፊት ጀምረው ይውጣሉ።

ኦቦ ታደሰ እስክሪብቶውን ከደኑት። «ኦቦ ሁሴን፣ ወረቀቱ የትም አይሄድም። መጀመሪያ እርስዎ ሐኪም ቤት ይታዩ።»

ማሸጊያዎቹን ወደ ፌስታሉ መልሼ ወደ ቤት ሄድን። ከሰዓት በኋላ ከእኔ ጋር ክፍላችን ውስጥ ሲያድሩ የሰነበቱት የአጋርፋ ዘመዶቻችንም ተሳፍረው ሄዱ።

ዛሬ ጠዋት ክፍላችን ውስጥ ብቻዬን ነቃሁ። የመጀመሪያዬ ነው። አልጋህን ላለማየት ቶሎ ለበስኩና ትምህርት ቤት በመሄድ ፈንታ የአዴራን በር አንኳኳሁ።

«አዴራ፣ ጎባ እንሂድ።»

«ትምህርትህስ?»

«እርስዎ ከታዩ በኋላ።»

ሚኒባሱ ውስጥ እጄን እንደ ሕፃን ያዙት፤ እስክንደርስ አልለቀቁኝም። ደም ሰጡ። ውጤቱን ስንጠብቅ ከሳቸው ይልቅ እኔ ነበርኩ የምቆመው፣ የምቀመጠው። ያቺው ሐኪም ወረቀቱን አይታ «ኩላሊትዎ ደህና ነው» አለች። መድኃኒቱን በራሳቸው ድንገት እንዳያቆሙ፣ ለምን እንደሚወስዱት እሷ ራሷ እንደምትመረምርና በክትትል እንደምትቀንስላቸው ነገረቻቸው። እስከዚያው በርበሬ ቀርቷል።

አዴራ ደስ አላላቸውም። «ለእሱ በሆነ!» ብለው ኮሪደሩ ላይ አለቀሱ። አንተን ከቀበርን ወዲህ ሲያለቅሱ ያየኋቸው ገና ዛሬ ነው። ጠላኋቸው ያልኩህን እርሳው።

ከዚያ ሁለታችንም ቁርስ አልበላንም ነበርና አንድ ቤት ገባን። ጨጨብሳ አዘዙ፣ ያለ በርበሬ። እኔም እንደሳቸው ያለውን አዘዝኩ።

ምን ያህል እንደሚያስጠላ አትጠይቀኝ ከድሬ... ግን ጨረስነው።