መተንፈሻዋ ስታፏጭ

መኪና ውስጥ ነው የኖርኩት ስላቸው የልጅ ልጆቼ ሀብታም የነበርኩ ይመስላቸዋል። ጎማ የሌለው መኪና! በደርግ ጊዜ ነው፤ ከሀና ማርያም ዝቅ ብሎ፣ ሰፈሩ ገና ማሳ ሳለ። ባሌ የአንድ ፈረንጅ ሾፌር ነበር። ፈረንጁ አልጋም ምድጃም ያለው ቤት መኪና ነበረው፤ ነገሩ ሲከፋበት ለባሌ ጥሎለት አገሩ ገባ። እኛም ገባንበት። ጎማውን ማን እንደወሰደው አትጠይቁኝ።

ባሌ ሲያናድደኝ ሄጄ መሪው ጋ ቁጭ እልና፣ "ውረድና ግፋ፣ እናቴ ጋ ልሄድ ነው" እለዋለሁ። ይስቃል። ሲሠራ ደግሞ ያፏጫል፤ አንዲት ዜማ ብቻ፣ ከፍ ከፍ ብላ መጨረሻው ላይ ስብር የምትል።

ቤቱ ያው ቆርቆሮ ነው። በበጋ ሲግል እርጥብ ጆንያ ጣሪያውን እናለብሰዋለን። በክረምት ያንቀጠቅጣል። የፈረንጁ ማሞቂያ በጋዝ ነው የሚሠራው፤ ያኔ ጋዝ ከየት ይምጣ? ከሰል አስገባን። ጣሪያው ላይ ክዳን ያላት፣ ወንፊት የለበሰች ቀዳዳ አለች፤ መተንፈሻ እንላታለን። ባሌ ክረምት ሳይገባ ይወጣና የወፍ ጎጆውን ከወንፊቷ ይጠርጋል፣ ማጠፊያዋን ግራሶ ይቀባል።

"ስሚ!" ይለኛል ከላይ። "ይቺ ከተዘጋች ከሰል አይገባም። ከሰል ሰው ሲገድል አይጮህም፤ እንዳንቺ አይደለም።"

ከዚያ "ጦር ሜዳ ከባድ መኪና ንዳ" ብለው ወሰዱት። ልጃችን ገና ጡት አልጣለችም። እንዳልፈራ አማቴ፣ የባሌ እናት፣ እኔ ጋ መጡ።

ድሮም ነፋስ ሲነሳ መተንፈሻዋ ታፏጫለች። እሱ ከሄደ በኋላ ግን ፉጨቷ ተለወጠ፤ ወይ ጆሮዬ ተለወጠ። ያቺው ዜማ፣ ከፍ ከፍ ብላ ስብር። ለማንም አልተናገርኩም። አንድ ቀን አማቴ ሽሮ እያማሰሉ ድንገት ቀጥ አሉ።

"ሰማሽ?"

"ነፋስ ነው እማማ። ከንፋስ ስልክ በታች አይደል ያለነው? ልጅዎ እየደወለ ነው።"

አልሳቁም። "በሕይወት ያለ ሰው በእግሩ ይመጣል እንጂ በነፋስ አይጣራም" አሉ።

ከዚያ ወዲያ ነጠላቸውን ጠቅልለው መተንፈሻዋን ይወትፏታል። እኔ አወጣለሁ፣ እሳቸው ይመልሳሉ። ጎረቤት ሲመጣ "ሕፃኗን ብርድ እንዳይመታት ነው" ይላሉ፤ ብርድ የማይፈራ ሰው የለም፣ ሁሉም "እውነት ነው" ይላል። ሁለታችን ግን የሚዘጉት ብርዱን እንዳልሆነ እናውቃለን።

"እማማ፣ ከሰሉ ይፈጀናል!"

"እሺ፣ ከሰል ሲገባ ነጠላዬን አወጣለሁ" አሉ።

ሐምሌ ነው፣ ከሰዓት በኋላ። ከሰሉን ደጅ አቀጣጥዬ ውሃ ልቀዳ ቦኖ ወረድኩ። እሱ ሰልፍ መቼም አያልቅም! ዝናቡ ጀመረ። ባልዲዬን አስቀድሜ ቆሜ፣ ፉጨቱን ሰማሁት። ከፍ፣ ከፍ፣ ስብር።

"ባሌ መጣ!" አልኩ።

"አንቺ፣ ተራሽ ያልፋል!" አለችኝ ከኋላዬ ያለችው።

"ለባሌ የሚሆን ተራ የለም!" ብያት ሮጥኩ። ፀጉሬን በእጄ እያስተካከልኩ ነው የሮጥኩት፤ አትሳቁብኝ።

ደጅ ማንም የለም። ከሰሉም የለም። በሩን ስከፍተው ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ዝናቡ እንዳያጠፋው አማቴ አስገብተውታል፤ እሳቸው ግድግዳውን ተደግፈው አንገታቸው ወድቋል፣ ልጄ ጭናቸው ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተዘርግታለች። ልጄን አውጥቼ ዝናብ ላይ አስተኛኋት። ተመልሼ አማቴን በብብታቸው ይዤ ጎተትኩ። ልጄ ዝም። ደረቷን አሸሁ፣ ስሟን ጠራሁ፣ ዝም። በኋላ አስመለሳትና እሪ አለች። የዚያን ቀን ለቅሶዋ ዘፈን ነበር የሆነብኝ።

አማቴም ነፍስ ዘሩ። ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ "ምን ይዞሽ መጣ?" አሉኝ።

"ሲያፏጭ ሰማሁት።"

"በምኑ ያፏጫል?"

በተከፈተው በር ሁለታችንም ወደ ላይ አየን። ነጠላው ተረስቶ እንደተወተፈ ነው፤ ዝንብ አያሳልፍም። ዝናቡም ቀጥ ብሎ ነበር የሚወርደው፣ ነፋስ የሚባል የለም።

አማቴ ያንን ነጠላ በገዛ እጃቸው አወጡት። በማግስቱ ጥቁር አቀለሙትና ለበሱት። ቀበሌ አልነገረን፣ መርዶ ነጋሪ በራችንን አላንኳኳ።

"ልበሺ" አሉኝ እኔንም።

"ልጁን ከሞት ያወጣ ሰው ሞተ ይባላል?" ብዬ እምቢ አልኩ።

እስከዛሬም አልመጣም። እኔ ግን እዚያ ቤት በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ክረምት ሳይገባ ቀሚሴን ጠቅልዬ ጣሪያ ላይ እወጣ ነበር። ጎረቤት ከታች ይስቃል። ወንፊቷን እጠርጋለሁ፣ ማጠፊያዋን ግራሶ እቀባለሁ፤ የደወለ እንደሆነ መስመሩ ተይዞ እንዳይጠብቀው።