የቪየናው የወረርሽኝ ሐውልት

ቪየና መሀል ከተማ ላይ አንድ ሐውልት አለ። ደመናና መላእክት ተደራርበው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ጫፉ በወርቅ ተለብጧል። ከዘመናት በፊት ከተማዋን ወረርሽኝ ሲፈጃት ንጉሡ ሸሽቶ፣ ከሩቅ ሆኖ ስለት ተሳለ። በሽታው ሲያልፍ ተመልሶ አሠራው። በፈረንጆቹ 2021 ጥቅምት፣ በኮሮና ዘመን፣ እፊቱ ቆሜ፣ ማስኬን አገጬ ላይ አውርጄ፣ እየሳቅሁ ፎቶ ተነሣሁ። ያ ፎቶ ዛሬም ስልኬ ውስጥ አለ።

የአውሮፓውን ጉዞ ያቀድነው እኔና ታላቅ ወንድሜ ነበርን። ጋሼ ነው የምለው፤ ያሳደገኝ እሱ ነው። በምንኖርባት በኮሎምበስ፣ ሚነርቫ ፓርክ ሰፈር እኔ ቤት፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሮም ትቅደም ፕራግ እያልን ስንከራከር ዓመታት ሄዱ። በመጨረሻ ግሮቭ ሲቲ የሚሠራበት መጋዘን ፈቃድ ከለከለው። እኔም ልቅር ስል ተቆጣኝ፤ ሂጂ፣ በአንቺ ዓይን አያለሁ አለኝ።

ስለዚህ በየቀኑ ፎቶ እልክለታለሁ፣ እሱ በድምፅ ይመልስልኛል። የሮምን ፍርስራሽ አይቶ፣ ይሄን ሁሉ ድንጋይ ቆልለው የት ደረሱ ብሎ አሾፈ። የቪየናውን ሐውልት ከነታሪኩ ስልክለት ግን መልሱ ዘገየ። ሲመጣም ድምፁ ሻክሯል፣ በመሀል ያስላል።

«አየሽ፣ ሐውልቱን ያሠራው የሸሸው ነው። የሞቱትማ ስማቸውም የለ። አይዞሽ፣ ጉንፋን ነው፤ አንቺ ዙሪ።»

ከዚያ ወዲያ መልእክቱ ቆመ። ፕራግ ሆኜ ቤት የቀረውን ባለቤቴን ደውዬ ብጠይቀው፣ ጋሼ ኦቨርታይም እየሠራ ነው፣ ስልኩም ተበላሽቷል አለኝ። አመንኩት። የመቃብር ድንጋዮቹ እርስ በርሳቸው የተደጋገፉበትን አሮጌውን የአይሁድ መካነ መቃብር ጎበኘሁ፤ ለማላውቃቸው ሙታን አዘንኩ። በዚያው ሰሞን ወንድሜ ኮሎምበስ ሆስፒታል ውስጥ በመሣሪያ ይተነፍስ ነበር። ከዚያ ሞተ፣ ቀበሩት። ዘመድ ወዳጁ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ፎቶዎቼ ላይ ቀይ ልብ ይልክልኝ ነበር።

መንገደኛ መርዶ አይነገረውም፤ ይህን ወግ እኔም አውቀዋለሁ። ግን ሕመሙንም ደበቁኝ። ቢነግሩኝ ኖሮ በሕይወት እያለ እደርስበት ነበር፤ በሆስፒታሉ ክፍል መስታወት በኩል እንኳ አየው ነበር።

የተመለስኩ ቀን እራት አበሉኝ፣ ጉዞዬንም አስወሩኝ። ለጋሼ የገዛሁትን ኮፍያ ከሻንጣ ሳወጣ ባለቤቴ ከእጄ ወሰደና፣ ነገ ትሰጪዋለሽ ብሎ ፊቱን አዞረ። ደክሞኝ ስለነበር ተኛሁ፤ ደህና እንቅልፍም ወሰደኝ። ጎሕ ሲቀድ በር ተንኳኳ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች በማስክ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው በረንዳው ላይ ቆመዋል። ማንም ሳይናገር ገባኝ።

ሰው ለሰው መድኃኒቱ ይባላል። የእኔ ሰዎች መድኃኒቱን አብዝተው ገደሉኝ። አፈር አላለበስኩት፣ እርሜን አላወጣሁ። ባለቤቴ፣ እንዳትነግሯት ያለው ራሱ ጋሼ ነው ይላል፤ ይኼ ደግሞ የባሰ ያቃጥለኛል፣ የምቆጣው እንኳ አጣሁ። ቤቴ ጭር ብሏል። እሁድ ይመጣል፣ የሚከራከረኝ የለም። አውሮፓ ሲባል የማስታውሰው የራሴን ሳቅ ነው፤ እጠላዋለሁ።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ የዕድር ሰዎች መቃብሩ ላይ የሚቆመውን ሐውልት ጽሑፍ ሊያሳዩኝ መጡ። እንደ ወጉ ስሙን ከላይ አድርገው፣ ከግርጌ «ይህን ሐውልት ያሠራችው እህቱ» ብለው ጽፈዋል። እንዲህ ይቀረጽ ወይ ብለው ደግመው ደጋግመው ጠየቁኝ፤ ለእኔ ክብር ነው፣ ሁሉም እንዲህ ያደርጋል አሉ።

«የታችኛውን አጥፉት» አልኳቸው። «የእሱን ስም ብቻ ጻፉ።»