ጥርሴን ያመነችበት ሰሞን

ባለፈው ሳምንት መታወቂያዬን ኮፒ ላስደርግ ዲላ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለች አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቼ ነበር። ተራዬን ቆሜ ስጠብቅ፣ የምትሠራው ልጅ ፍላሽ ኮምፒውተሩ ላይ ስትሰካ ያቺ ድምፅ ተሰማች። ታውቋት እንደሆነ እንጃ፤ ሁለት ጊዜ ነው የምትለው፣ መጀመሪያ ወፈር ብላ፣ ቀጥላ ቀጠን ብላ። በር አንኳኩቶ ወዲያው "ግባ" እንደተባለ እንግዳ ዓይነት ነገር። ግድግዳውን ተደገፍኩ።

"እናቴ፣ አሞሽ ነው? ወንበር ላምጣልሽ?" አለችኝ ልጅቷ።

"ኧረ ደህና ነኝ፣ ፀሐዩ ነው" አልኳት። ውጭ ግን ዝናብ ነበር።

ያቺን ድምፅ መጀመሪያ የሰማኋት ቤቴ ውስጥ፣ ልጄ ጎን ተቀምጬ ነው። ልጄ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነበረች። ጓደኞቿ ዶርም ሲያድሩ እሷን እኔ ነኝ እምቢ ብዬ ቤት ያስቀረኋት። ታላቅ ወንድሟ በሞያሌ መንገድ ወጥቶ ደቡብ አፍሪካ እገባለሁ እንዳለ፣ አንድ ጊዜ ከመንገድ ላይ ደወለ፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁ የለም። ይኸው እስከ ዛሬም የለም። ከዚያ በኋላ የምፈራ ሰው ሆንኩ። ኤሌክትሪክ እፈራለሁ። ባጃጅ እፈራለሁ። የማላውቀው ቁጥር ሲደውል እፈራለሁ፤ ሳይደውል ሲቀር ደግሞ የባሰ እፈራለሁ። የቀረችኝ እሷ ብቻ ነበረች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሥራ ገብቼ እግሬን ስታጠብ፣ ልጄ ትንሽ ካርቶን በሁለት እጇ አቅፋ መጣች። አያያዟ እንቁላል የያዘች ነው የሚመስለው።

"እማ፣ እጅሽን አድርቂና ነይ፣ የማሳይሽ ነገር አለኝ" አለችኝ።

ካርቶኑን ከፈተችው። አዲስ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ከክብሪት ሳጥን ትንሽ ከፍ የምትል ሰማያዊ ነገር ነበረች፤ ዳር ዳሯን እንደ ሚዶ ጥርስ ቀጫጭን ብረቶች ተደርድረውባታል። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ሽቦዎች፣ ደግሞ ሹካ የመሰለች ባለ ሁለት ጣት ነገር አብረው ነበሩ። መምህሯ ነው ለሁለት ሳምንት ያዋሳት።

"ይቺ ቦርድ ትንሽ ጭንቅላት ማለት ናት። ከኮምፒውተር ጋር አገናኛትና የምትሠራውን እነግራታለሁ። ከዚያ ገመዱን ብነቅለውም አትረሳውም።"

"ምን ልታሠሪያት ነው?"

"የአንቺን ሥራ!" ብላ ሳቀች።

ሥራዬን ልንገራችሁ። ያኔም አሁንም የምሠራው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ቡና ማጠቢያ ነው። ቀዩ ቡና ተፈልፍሎ ከታጠበ በኋላ ከእንጨትና ከሽቦ በተሠራ ቆጥ ላይ ይሰጣል፤ እኛ አልጋ እንለዋለን። ሁለት ሁለት ሴት አንድ አልጋ ይዘን ስናገላብጥ፣ የተበላሸውን ስንለቅም፣ ዝናብ ሲመጣ ላስቲክ ስናለብስ እንውላለን። መድረቁን የምናውቀው በጥርስ ነው። ቅርፊቱን እንልጥና ፍሬውን እንነክሰዋለን። ጥርስ ሰተት ብሎ ከገባ ገና እርጥብ ነው። ገባ ብሎ እምቢ ካለ ሁለት ሦስት ቀን ይቀረዋል። ጠቅ ካለ ደርቋል። እኔ ትምህርት ሦስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ በዚህ ነገር ግን፣ በተወለድኩበት በኮንጋ፣ ከእናቴ የቡና አልጋ ሥር እየዳህኩ ያደግኩ ስለሆንኩ፣ የሚቀድመኝ አልነበረም። የማጠቢያው ኃላፊ ራሱ ቡናው ወደ መጋዘን ከመግባቱ በፊት "እስኪ አንቺ ንከሺው" ይለኝ ነበር።

ልጄ ያሰበችው ያችን ሹካ ቡናው ውስጥ ሰክታ፣ ቦርዷ መድረቅ አለመድረቁን በቁጥር እንድትናገር ነው። ይህን ሁሉ በደስታ ስታወራኝ ቆየችና መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ጣል አደረገች።

"ሠርቶ ያሳየ አዲስ አበባ ለሥልጠና ይላካል፤ ጎበዝ ከሆነ እዚያው ሥራ ያገኛል ብሎናል መምህራችን።"

"ጎበዝ፣ የኔ እናት" አልኳት። እግሬን የታጠብኩበትን ውሃ ልድፋ ብዬ ወጣሁ።

ጠረጴዛዋን መስኮቱ ሥር አስጠጋች፤ ላፕቶፕ ከጓደኛዋ ተዋሰች። የግድግዳው ሶኬት አፉ ሰፍቶ ሲሰኩበት ብልጭ ስለሚል እኔ በደረቅ እንጨት ደግፌ ይዤላት ነበር። ካርቶኑ ውስጥ ቦርዷን ከላፕቶፑ የሚያገናኝ ገመድ አልነበረም። የስልኬን ቻርጀር ገመድ አየችና "ጫፉ ልክ ነው!" አለች። ሰጠኋት። ስትሰካው ቦርዷ ላይ አንዲት ቀይ መብራት በራች።

"ሠራ!" ብዬ ጮህኩ።

"ገና ነው እማ። ኮምፒውተሩ አላወቃትም። እዚህ ጋ ስሟ መውጣት ነበረበት፣ ባዶ ነው።"

"ታዲያ አንቺ ንገሪው እንጂ፣ ምናለበት ብታስተዋውቂያቸው?"

በሳቅ ወደቀች። ያን ሳቋን አሁን አንድ ጊዜ ብሰማው።

ሦስት ቀን ሙሉ ስትታገል ሰነበተች። ፕሮግራሙን ትጭናለች፣ ታጠፋለች፣ መልሳ ትጭናለች። ቀይ ጽሑፍ ይመጣል። ከማጠቢያው ስመለስ ልብሴ ላይ የተፈለፈለው ቡና ገለፈት ኮምጣጣ ሽታ እንዳለ፣ እራቷን አጠገቧ አስቀምጥና ዝም ብዬ አያታለሁ። ቆጮው ይቀዘቅዛል፣ አትነካውም። እንግዲህ እውነቱን ልናገር፤ እኔ በጸሎት ይዤዋለሁ አልኳት እንጂ የጸለይኩት ሌላ ነው። ጌታ ሆይ አይሥራላት ብዬ ነው የጸለይኩት። ጉባኤ መሃል ቆሜ፣ ዓይኔን ጨፍኜ።

ሥራ ቦታ አልጋ ለምትጋራኝ ሴትዮ ስነግራት ሳቀችብኝ።

"ተይ እንጂ! ልጅሽ ይህን ከሠራችማ የእኔና የአንቺ ጥርስ ጡረታ ወጣ በይ። ለእኔስ የቀሩኝ አምስት ናቸው፣ ቶሎ ትበል በያት!"

እኔ አልሳቅኩም።

በአራተኛው ቀን ልጄ እየሮጠች ገባች። ስልክ ጥገና ቤት ገመዱን አሳይታ ነበር። "እማ፣ ያንቺ ገመድ እኮ ቻርጅ ብቻ ነው የሚያደርገው! መብራት ያሳልፋል እንጂ መልእክት አያሳልፍም። እኔ ደግሞ መብራቷ ስለበራ ደህና መስሎኝ!" ሌላ ገመድ ይዛ ነበር፤ ጫማዋን ሳታወልቅ ሰካችው። ያኔ ነው ያቺ ድምፅ የመጣችው። ወፈር፣ ቀጠን። ስክሪኑ ላይ ስሟ ወጣ። ልጄ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች። ቀጥላ የሆነ ነገር ጻፈች፣ አንድ ቁልፍ ተጫነች፤ ቦርዷ ላይ ያለችው ሌላዋ መብራት በራ ጠፋ፣ በራ ጠፋ ማለት ጀመረች።

"በራሷ አይደለም እኮ እማ፣ እኔ ነኝ ያዘዝኳት። ቀስ በይ ልበላት?" አለችና ቀስ አስባለቻት። "ፍጠኚ ልበላት?" አስፈጠነቻት። ከመስኮቱ የሚገባው የማታ ፀሐይ ፊቷ ላይ ነበር። ለዚያች ያህል ጊዜ ምንም አልፈራሁም። ሳስበው፣ እኔና እሷ አብረን የተደሰትንበት የመጨረሻው ቀን ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ የእኔ ተራ መጣ። ቦርዷ ቁጥር ትናገራለች እንጂ የቱ ቁጥር እርጥብ፣ የቱ ደረቅ እንደሆነ አታውቅም፤ የሚያስተምራት ሰው ያስፈልጋል። "አስተማሪዋ አንቺ ነሽ" አለችኝ ልጄ። ከየአልጋው አንዳንድ ጭብጥ ቡና ኃላፊውን አስፈቅጄ አመጣሁላት። በአምስት የሻይ ብርጭቆ አድርጋ ደረደረችው። ሹካዋን ትሰካለች፣ ቁጥሩን ደብተሯ ላይ ትጽፋለች፣ ከዚያ "እማ፣ ንከሺ" ትላለች።

የመጀመሪያውን ነከስኩ። "እርጥብ ነው።" ጻፈች። ሁለተኛውን ነከስኩ። "ትንሽ ይቀረዋል።" ጻፈች። ሦስተኛውን ስታቀርብልኝ "ይህ ከሆነልኝ ማክሰኞ አሳያለሁ፤ በሳምንቱ የሚሄዱት ስም ይለጠፋል" አለች፤ ከራሷ ጋር እንደሚያወራ ሰው። ነከስኩት። ጠቅ አለ። ከጠቅም ጠቅ።

"ገና ነው" አልኩ።

አስቤበት አልነበረም። ከአፌ ወጣ። አራተኛውንም አምስተኛውንም አዛብቼ ነገርኳት። አንዴ አልተጠራጠረችኝም።

በማግስቱም ሌላ ቡና አመጣሁ፣ በማግስቱም አዛባሁ። ቁጥሩ ከቃሌ ጋር አልገናኝ አለ። ሽቦ ቀያየረች፣ ሹካዋን በጨርቅ ወለወለች፣ የጻፈችውን ሁሉ አጥፍታ እንደገና ጻፈች። "ምናልባት እኔ ተሳስቼ ይሆን?" አልኳት አንዴ፣ ድፍረቴ! "ያንቺ ጥርስ አይሳሳትም" አለችኝ፣ ቀና እንኳ ሳትል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ወደ ካርቶኑ መለሰችው። ሲከፋት በጌዴኦኛ ነው የምታወራኝ፤ ያኔም በጌዴኦኛ ነው እንዲህ ያለችኝ፦ ጥፋቱ የቦርዷ አይደለም፤ እኔ ነኝ የማይገባኝ። ትምህርቱን ልተወውና ከአንቺ ጋር ማጠቢያ ልግባ። ከአልጋው ወዲያ ማዶ እኔ እቆማለሁ፣ አብረን እናገላብጣለን።

የለመንኩት መጣልኝ፤ እንዳለችውም በዓይነ ሕሊናዬ አየሁት፤ እሷ ማዶ ቆማ፣ ሻሽ አስራ፣ ጣቶቿ እንደ እኔ በውሃ ተላልጠው። ደስ ሊለኝ ነበር የሚገባው። ካርቶኑን ስትዘጋ ግን ፊቷን አየሁት፤ ልጄ አልነበረችም። ወንድሟ ከመሄዱ በፊት በነበሩት ወራት እንዲህ ያለ ፊት ነበረው፤ ቤት ውስጥ ተቀምጦ እያለ የሌለ ሰው ፊት። እና ለካ ሰው አጠገብ ተቀምጦም ይጠፋል አልኩ በልቤ።

እሁድ ከጸሎት ቤት ስንመለስ "አውጪው፣ እንደገና ልንከስ" አልኳት።

"ተይው እማ፣ ሰለቸኝ።"

"አውጪው አልኩ እኮ!"

አወጣችው። አምስቱን ብርጭቆ ደረደረች። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነበርና ጮክ ብዬ ነው የተናገርኩት። እርጥብ። ትንሽ ይቀረዋል። ደርቋል። ደርቋል። እርጥብ። ጻፈች። ስክሪኑን አየች፤ ደብተሩን አየች። ብዕሯ ቆመ። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ፤ ረጅም ጊዜ።

"እማ፣ ሰሞኑን ጥርስሽን አሞሽ ነበር እንዴ?"

"አዎ፣ አሞኝ ነበር።"

"አሁንስ ተሻለሽ?"

"ተሻለኝ።"

በፊት የጻፈችበትን ገጽ በአንድ መስመር ሰረዘችው፤ ቀስ ብላ፣ ቀጥ አድርጋ።

ማክሰኞ አሳየች። በሳምንቱ ስሟ ተለጠፈ። መናኸሪያ ስሸኛት የመኪናውን መስኮት ይዤ ቆሜ ረዳቱ "እናት፣ ልቀቂን እንሂድበት!" እስኪለኝ አልለቀቅኩም። ሥልጠናው አለቀ፣ ሥራ እዚያው አገኘች። ይኸው ዓመታት ሆነው። በበዓል ትመጣለች፤ ሁለት ቀን ታድራለች፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ስልኳ ይጠራና ትሄዳለች። እኔ ሥራ እውላለሁ፣ ማታ እገባለሁ፤ በሩን ስከፍት ቤቱ ጠዋት እንደተውኩት ነው። ዕቃ የሚያነሳ፣ ዕቃ የሚያዛባ የለም።

ከፎቶ ኮፒ ቤቱ እንደተመለስኩ ያን ዕለት ደወልኩላት። ገና ከሥራ መውጣቷ ነበር፤ የመኪና ጥሩንባ ይሰማኛል።

"ያኔ ጥርሴን አላመመኝም ነበር" አልኳት፤ ሰላምታ እንኳ ሳልጨርስ።

ምን እንደማወራ የጠፋት መስሎኝ ነበር።

"አውቃለሁ እማ።"

"መቼ ነው ያወቅሽው?"

"ያኔውኑ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ? ምነው አልተቆጣሽኝም?"

እየተራመደች ነበር፤ ትንፋሿ ይሰማኛል። ከዚያ የቆመች መሰለኝ።

"ብናገር ታለቅሺ ነበር። ካለቀስሽ ደግሞ አልሄድም ነበር፣ እማ።"

ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮዬ አዞርኩ። "በላሽ?" አልኳት።

"አሁን እበላለሁ። አንቺስ?"

"እኔማ በልቻለሁ" አልኳት።

ስልኩ ሲዘጋ ጨልሞ ነበር። ተነስቼ በሩን ዘጋሁና ጋደም አልኩ። ለአንድ ሰው ብሎ እሳት ማንደድ ከከበደኝ ቆይቷል።