የወይራ ዱላና ባለጓዳዋ መኪና

ሱቄ ውስጥ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ቀሚስ የማወርድበት አንድ የወይራ ዱላ አለኝ። ጫፉ ተበልቷል፤ መሐሉ ከእጅ ብዛት እንደ ቀንድ ይብለጨለጫል። «ዘይነብ፣ ይኼን አሮጌ እንጨት ጣይውና ደህና ማውረጃ ግዢ እንጂ» የማይለኝ ደንበኛ የለም። እኔም «አንቺ ቀሚሱን ግዢ፤ ዱላው አይሸጥም» እላለሁ። እውነቴን ነው፤ አልሸጥም ተብሎ አንድ ጊዜ ገበያ ሊያፈርስ የነበረ ዱላ ነው።

ባለፈው ሰሞን ገዢ ጠፍቶ ስልኬን ስጎረጉር አንድ ማስታወቂያ አየሁ። «ብርቅዬ! ለአሮጌ መኪና ወዳጆች ብቻ! ሁሉ ነገሯ ከፋብሪካ እንደወጣች!» ይላል። ከሥሩ ፎቶ አለ፤ የእንቁላል አስኳል የመሰለች ትንሽ መኪና፣ የኋላ በሯ ወደ ሰማይ ተከፍቶ። በሩን ደግፎ ያቆመው ደግሞ የባሕር ዛፍ እንጨት ነው። ከፋብሪካ እንደወጣች! ፎቶውን አጉልቼ እንጨቱን ሳየው ጉጡን ሳይቀር አወቅሁት። ሲቆረጥ ቆሜ አይቻለሁ።

ልጅ እያለሁ ያቺ መኪና የእኛ ነበረች። የፈረንሳይ ሥሪት ናት ይባል ነበር፤ ደብረ ታቦር ውስጥ መሰሏ አልነበረም። አባቴ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። የኋላ ወንበሯን ነቅለው አቡጀዲና ፖፕሊን ይሞሉባትና በገበያ ቀን አንበሳሜ እንወርዳለን። እዚያ ስንደርስ ጀርባዋን ወደ ገበያተኛው አዙረው ያቆሟትና «በይ ዘይነብ፣ ሱቁን ክፈችው» ይሉኛል። እኔ «ቢስሚላህ» ብዬ የኋላ በሯን ወደ ላይ ስገፋ፣ እሳቸው በወይራ ዱላቸው ደገፍ ያደርጉታል። በሩን የሚያነሳው ሞላ ከሞተ ቆይቶ ነበር። በቃ፣ በሩ ጣራ፣ ወለሉ መደርደሪያ ሆነ። ገበያተኛው «ጓዳ» ነበር የሚላት። ገና ከሩቅ «ጓዳዋ መጣች!» ሲባል ልቤ ያብጥ ነበር።

ሽታዋ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ፤ ቤንዚን፣ ያልታጠበ አዲስ አቡጀዲ፣ እርጥብ አፈር። በረዶ ሲወርድ ሴቶቹ ከነቅርጫታቸው በሩ ሥር ይታጨቃሉ። እኔ መንገድ ዘጉብን ብዬ ስነጫነጭ አባባ በጆሮዬ «ተያቸው፤ እስኪያባራ ጨርቁን ሲዳስሱ ይቆያሉ» ይሉኛል። ደግሞም ሳይገዛ የሚሄድ ጥቂት ነበር። ትምህርት ቤት ብዙ ነገር አስተምረውኛል፤ ዛሬ እንጀራ የምበላው ግን በዚያ በር ሥር በተማርኩት ነው።

ከዚያ መኪናዋ ትሸጥ ተባለ። መለዋወጫዋ ጠፋ፣ መንገዱን ቅጥቅጥ አውቶቡሶቹ ያዙት፣ አባባም ከተማ ውስጥ ሱቅ አገኙ። «አንቺም ከእንግዲህ ትምህርትሽ ላይ ትቀመጫለሽ» አሉኝ። እንደ ምርቃት ነበር የተናገሩት፤ ለእኔ ግን አንበሳሜ ቀረ ማለት ነው። ሁለተኛ ሱቁን ክፈችው የሚለኝ የለም።

ገዢው ከባሕር ዳር የመጣ ጎልማሳ ነው። ደላላው ይመር መሐል ገብቶ አስማማ፣ እጅ ተመታ፣ ቁልፍ ተሰጠ። ያኔ አባባ ዞር ብለው ዱላቸውን መዘዙ። በሩ ድው ብሎ ወደቀ።

«ጋሽ ሁሴን፣ ዱላውስ?» አለ ገዢው።

«ዱላው ይቀራል።»

«እንዴት ይቀራል? በሩን ምን ሊያቆመው ነው?»

«ልጄ፣ ላም ስትሸጥ ገመዱን አብረህ ትሰጣለህ?»

«ላም መሰለችዎ እንዴ? መኪና እኮ ናት!»

«ወተቷን ስጠጣ የኖርኩት እኔ ነኝ፤ አንተ ምን ታውቃለህ?»

አባባ ነጋዴ ይሁኑ እንጂ የገበሬ ልጅ ናቸው። እሳቸው ባደጉበት ቤት ላም ሲሸጥ ገመዱን ማስቀረት ወግ ነው፤ ገዱ ተከትሏት እንዳይወጣ፣ ሌላ ላምም ወደዚያው ገመድ እንድትመጣ። የባሕር ዳሩ ሰው ይህ አልገባውም። በእንጨት እንዲህ ከተከራከሩማ በሞተሩ አንድ ነገር ደብቀውኛል አለና ቁልፉን መልሶ የሞተሯ ክዳን ላይ አስቀመጠው። እኔ በሆዴ «ያ ረቢ፣ ይጣሉ!» እላለሁ።

ጸሎቴን ያከሸፈው ይመር ነው። «ኧረ በአላህ! ለፍልጥ ብላችሁ የድካሜን ልታስቀሩ?» ብሎ ከአንድ እንጨት ሻጭ መጥረቢያ ተዋሰና ከመንገዱ ዳር አንድ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ጣለ። ከወይራው ጋር አስተካክሎ ለካው፣ ጫፉን ቦረቦረው። «እንካ! የሳቸው አርጅቷል፣ ያንተ ገና ለጋ ነው» አለው። ከእኔ በቀር ሁሉም ሳቀ። ጓዳዋ አቧራዋን አስነስታ ሄደች። አባባ ወይራውን እጄ ላይ አኖሩና «ያዢ፤ ይቺ ቤት ከቀረች ሌላዋ ትመጣለች» አሉኝ። ስንት ክረምት የሞተር ድምፅ ስሰማ ዱላውን ይዤ በር ላይ ወጥቻለሁ። ሌላ አልመጣችም።

ማስታወቂያውን ካየሁ በኋላ እንግዲህ ያላሰብኩት የለም። አባባ አርጅተዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል። ጓዳዋን ገዝቼ አንድ የገበያ ቀን አንበሳሜ ላደርሳቸው ቆረጥኩ። ደወልኩ።

«አለች እትዬ፤ ግን ለመኪና ወዳጆች ናት» አለኝ አንድ ወጣት።

«እኔ ምን መሰልኩህ፣ የበቅሎ ወዳጅ?»

ዋጋውን ነገረኝ። እጄ ውስጥ ያለ ዋጋ ነበር። ግን የነጋዴ አመል አይለቅ፤ «ኧረ ተወኝ፣ ለአሮጌ ቆርቆሮ!» ብዬ ዘጋሁት። ተከትሎ ይደውላል ብዬ ነው። እኛ ገበያ ትቶ የሄደ ገዢ ተመልሶ ይጠራል። አልደወለም። በማግስቱ ስደውል ለአዲስ አበባ ሰው ተሸጣለች።

«ታዲያ ትናንትና ለምን አልጨረሱም?» አለኝ፣ የእውነት ገርሞት።

«እንጨቱስ?» አልኩት።

«የቱ? የበሩ? አዲስ ሞላ ገባላት፤ እሱማ እዚህ ወድቋል።»

«እንግዲያው እሱን በሚኒባስ ላክልኝ። ገመዷ ነው።»

ብዙ ሳቀ፤ ግን ላከው። አባባ ሱቄ በር ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ጉልበታቸው ላይ አኖርኩላቸው። በጣታቸው ቦርቡሩን ዳሰሱ፣ አሸተቱት።

«ይመር የቆረጠው ነው። ጓዳዋስ?»

«አዲስ አበባ ገባች፣ አባባ። አዳራሽ ውስጥ ሸፍነው ሊያስቀምጧት ነው አሉ።»

«ዝናብ አይመታት?»

«አይመታትም።»

እንጨቱን ጉልበታቸው ላይ አገላበጡና «ሰውም አይጠለልባት?» አሉ።

ዛሬ አንበሳሜ ያለ ሰው ቀሚስ በስልክ ያዛል፤ ፎቶውን እልካለሁ፣ እጁ ሳይነካው ይገዛል። አይከፋም፤ ከመዳሰስ ጭቅጭቅ ይሻላል እላለሁ፣ ሌላ ሰው ሲጠይቀኝ። የባሕር ዛፉን ግን ጥግ ላይ አላስቀመጥኩትም። የሱቄን በራፍ ሸራ ደግፎ የያዘው አሁን እሱ ነው። ትናንት ከሰዓት ድንገት ሲዘንብ ሴቶቹ ከነጃንጥላቸው ሮጠው ሸራው ሥር ገቡ፣ መግቢያውን ዘጉት። ሠራተኛዬ ልታስለቅቃቸው ብድግ ስትል፣ አባባ ከወንበራቸው ላይ ሆነው እጃቸውን አነሱ።

«ተያቸው» አሏት።